ያላመለጣት ቀን

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። ውጭው አስፋልት የሚያቀልጥ የቴክሳስ ሙቀት፣ ውስጡ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ኤሲ። ግራጫ ግድግዳ፣ የብረት አልጋ ከላይና ከታች፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የሌለው ሽንት ቤት። አገሬ ላይ በፖለቲካ ታስሬ ስፈታ «ሁለተኛ እስር ቤት አላይም» ብዬ ነበር። ሸሽቼ መጥቼ ጥገኝነት ስጠይቅ ደግሞ፣ ጉዳይሽ እስኪታይ ብለው ከዳላስ አንድ ሰዓት በሚያስነዳ ማቆያ አስገቡኝ። ማቆያ ይበሉት እንጂ ቁልፉ ከውጭ ነው።

ከላይኛው አልጋ አንዲት አርባ ያለፋት ቻይናዊት አንገቷን ብቅ አደረገች። እሷም እንደኔ መንግሥቷን ሸሽታ የመጣች ናት።

«ሲስተር፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፣ ገና አንሶላዬን ሳላነጥፍ።

«ከሬድዮ የለቃቀምኩት ትንሽ አለኝ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ይቺ ጠባቂ ለምንድነው ጧት ማታ ናፈቅሽኝ የምትለኝ?»

ጠባቂያችን ግዙፍ ሴት ነበረች። ስማችንን መጥራት ስለሚያታክታት ሁላችንንም «ሚስ» ትለናለች። «ቁርስ፣ ሚስ!» «ተነሺ፣ ሚስ!» ቻይናዊቷ ደግሞ ከዘፈን የተማረችው «ሚስ» ማለት ናፈቀ ማለት ነው።

«ወይዘሪት ማለቷ እኮ ነው» አልኳት።

«እኔ የወደደችኝ መስሎኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስቅላት ከረምኩ!»

ከዚያ በኋላ በየጧቱ ታችኛው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በአንዲት አጭር እርሳስ ቃል እንለቅም ጀመር። እኔ አማርኛውን፣ እሷ ቻይንኛውን፣ መሐሉ ላይ እንግሊዝኛው።

አንድ ቀን ወረቀት መጣላት። የጥገኝነት ቃለ መጠይቋ ውጤት ነው። አልተቀበሏትም። ቀስ ብዬ አነበብኩት፦ «አመልካቿ በአገሯ ፖሊስ ጣቢያ የምትፈርምበት ቀን አምልጧት እንደማያውቅ ተናግራለች። ስለዚህ ባለመፈረሜ ተሳደድኩ ማለቷ አይታመንም» ይላል።

«ቆይ፣ መርማሪው ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?»

«‹ፖሊስ ጣቢያ መሄዱን ሚስ አድርገሻል?› አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ‹ኔቨር!› አልኩት። ፖሊስ ጣቢያ ማንን ይናፍቀዋል?»

«አስተርጓሚ አልነበረም?»

«በስልክ አንድ ሰው አመጡልኝ። አነጋገሩ የአገሬን ፖሊሶች መሰለኝ፣ ፈራሁ። በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ አልኩ።»

«ሚስ» ማለት ሳይሄዱ መቅረትም እንደሆነ ስነግራት፣ ብርድ ልብሷን እስከ ግንባሯ ሳበችው። በማግስቱ ጧት ወረቀቱን ዳኛ ያየዋል። ካጸደቀው አውሮፕላን ላይ ነው የሚጭኗት።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩትና «ተነሺ፣ ለዳኛው እንጽፋለን» አልኳት። የመፈረሚያውን ቀን ሚስ አድርጌአለሁ፣ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት።

«በአንቺ ቋንቋ እንዴት ይባላል?»

«አመለጠኝ። እኛ ዘንድ አውቶቡስም ቀንም ሮጦ ነው የሚያመልጠን። ጥፋቱ የአውቶቡሱ ነው።»

ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ያን ጊዜ ገና ሳቀች። ከዚያ በቻይንኛ ሁለት ፊደል ጻፈች። «ይቺ ስህተት ናት፣ ይቺኛዋ ማለፍ። እኛ ዘንድ ጥፋቱ የሰውዬው ነው።» ሁለቱን ፊደሎች ብዙ አየቻቸው። አየቻቸውና እርሳሱን ከእጄ ወስዳ የጻፍኩላትን ሰረዘችው።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ አልተሳሳትኩም። ቀኑም አላመለጠኝም። በየሳምንቱ የሚያስፈርሙኝ ጎረቤቶቼን በሚወነጅል ወረቀት ላይ ነበር። አውቄ ቀረሁ።»

«የኔ እህት፣ ዳኛ ፊት ለስለስ ማለት ይሻላል። አሞኝ ነው በይ።»

«አላመመኝም።»

በትልልቅ ፊደል «አይ ዲድ ኖት ጎ» ብላ ጻፈች፤ አልሄድኩም። እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ዩኒፎርሟን በውሃ አርጥባ በእጇ መዳፍ ተኮሰችው። የወሰዷት ከቁርስ በኋላ ነው። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ የኮሪደሩን የእግር ኮቴ ስቆጥር ዋልኩ። ለምን አሞኝ ነው አላስባልኳትም እያልኩ ራሴን ወቀስኩ። ከምሳ በኋላ መጣች።

«ዳኛው ሁለቴ አስነበበኝ» አለች። «‹ለምን አልሄድሽም?› አለኝ። አሁን ግን አስተርጓሚውን አልፈራሁትም፣ በቋንቋዬ እስኪወጣልኝ ነገርኩት።»

«እና?»

«ውድቅ ያደረጉብኝን ሰረዘው። ጉዳዬ ይታያል።»

መነካካት ክልክል ስለነበር አልተቃቀፍንም። በማግስቱ ወደ ሌላ ማቆያ ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። እኔም ከወራት በኋላ ወጣሁ።

እነዚያ ጧቶች ይናፍቁኛል ስል ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «እስር ቤት ሚስ ታደርጊያለሽ እንዴ፣ ማሚ?» ይላሉ። ብርዱ አይናፍቀኝም። ጎኔ ቁጭ ብላ «ይቺስ ምን ማለት ናት?» የምትለኝ ሴት ግን ትናፍቀኛለች።

አሁን ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ኤርፖርት ነው። ባለፈው የልጄ ምረቃ ከሥራ ቀን ጋር ገጠመብኝ። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ተከለከልኩ፣ ሄድኩ። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ «ትላንት ሺፍትሽን ሚስ አድርገሻል» አለኝ።

«ሚስ አላደረግኩም» አልኩት። «አልመጣሁም።»

የቀሩ ሠራተኞች የሚሞሉትን ቅጽ ወደኔ ገፋው፤ እንግሊዝኛው የጠፋብኝ መስሎታል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል «አይ ዲድ ኖት ካም» ብዬ ራሴ ጻፍኩት።