የሀረጎን ቁልቁለት የወረደው ባቡር

ከዚህ በፊት ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በተበላሸ ሬዲዮ ጀርባ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር የባለቤቱን ስምና የሬዲዮውን በሽታ ነው። «የወይዘሮ ዘነበች፤ ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም» ዓይነት። ስለዚህ ስህተት ካገኛችሁ ፕላስተሩ ጠቧት ነው ብላችሁ እለፉኝ።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የማልረሳውም በዚያን ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ አፌን መክፈት ግድ ስለሆነብኝ ነው። እኔ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማልችል ሰው ነበርኩ። ሌላ ሰው ወራጅ አለ እስኪል ጠብቄ አብሬው እወርድና የቀረውን በእግሬ እመለሳለሁ። በዚህ አመሌ የተነሳ ደሴን እንደኔ በእግሩ የሚያውቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የምሠራው ሰኞ ገበያ፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ከደንበኛ ጋር ወሬ አበዛሽ ብለው አሰናበቷት። እኔን አንድ ሁለት ነገር ጠይቀውኝ መልስ ሲያጡ ደስ አላቸው። «ይቺ ሬዲዮ ብትሆን ተበላሸች ብለው ያመጡልኝ ነበር» አሉና ለሙከራ ያዙኝ። ይህ ነገር ሲደርስ ገና ሙከራ ላይ ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ሥራ ይዛለች ብላ ስለጨረሰች፣ ተባርሬ ብመለስ ቤታችን ሳይሆን ሰፈራችን ነበር የሚያፍረው።

አንድ ቀን አቶ ተፈራ የሚባሉ ሰው ከኮምቦልቻ ካርቶን ይዘው መጡ። ሲከፍቱት ባቡር ነው። ጋሽ ሰይድ «የልጅ መጫወቻ ነው?» አሏቸው። አቶ ተፈራ የልጁ ስም ያለ አባቱ እንደተጠራበት ሰው ፊታቸው ጠቆረ። መጫወቻ ሳይሆን እውነተኛው ባቡር ብሎኑ እንኳ ሳይቀር አንሶ የተሠራበት ሞዴል መሆኑን አስረዱን። ቢጫ ነው፤ አፍንጫው ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ሾፌሩ የሚወጣበት መሰላል ሳይቀር ተሠርቶለታል። ዋናው ባቡር በናፍጣ የሚሠራ ሲሆን ሩቅ አገር አይሄድም። በፋብሪካና በደረቅ ወደብ ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲገፋና ሲጎትት ይውላል፣ ይኸው ነው ሥራው። እኔም ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሳመላልስ ስለምውል ወዲያው ዘመዴ መሰለኝ። ከኋላው የሚቀጠሉ ሦስት ፉርጎዎች ነበሩት፤ አንዱ ኮንቴይነር የጫነ፣ አንዱ የሲሚንቶ፣ አንዱ የነዳጅ። ቀለማቸው ከባቡሩ ጋር ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ይመስላል።

አቶ ተፈራ ባቡር ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ ውጭ አገር ተልከው እንዲህ ያለውን ባቡር መንዳት ተምረዋል። ተምረው ሲመለሱ ሐዲዱ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። አሁንም እንደተዘረጋ ነው። እንዳይደክም ይመስለኛል፣ ባቡር አልተጫነበትም። እሳቸውም እስከዚያው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ሌሎች ሰዎችን ባቡር መንዳት ያስተምራሉ። የተግባር ትምህርቱ የሚሰጠው በዚሁ በካርቶኑ ባቡር ነው። ሰልጣኞቹ ጠረጴዛ ከበው በሁለት ጣታቸው ፉርጎ ይቀጥላሉ አሉ። አሁን የባቡሩ ዲናሞ ሲቃጠል የተግባር ትምህርቱም ቆመ።

ጋሽ ሰይድ ከጠረጴዛው ሐዲድ ላይ መብራት እየወሰደ የሚሠራውን የድሮ ዲናሞ አውጥተው ጣሉና የመጫወቻ መኪና ዲናሞ ከነባትሪው ከተቱበት። ሱቁ ወለል ላይ ሲለቁት ተፈትልኮ ሄዶ የጠረጴዛውን እግር ገጨ። አቶ ተፈራ ይህ ባቡር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው ማለታቸውን ባስታውሳቸው ጥሩ ነበር። ግን እኔ አልናገርም። ጋሽ ሰይድ «ማሻአላህ፣ ከፋብሪካው ይሻላል» አሉና ጨረሱ።

ለአቶ ተፈራ መድረስ የነበረበት በማግስቱ ከሰዓት ትምህርት ሳይጀምሩ ነው። ጋሽ ሰይድን ጉልበታቸው ስላመማቸው እኔን ላኩኝ። አታዘንብዪው፣ አትነቅንቂው፣ ከእጅሽ አታውጪው አሉኝ። በመጨረሻም «አንዲት ጭረት ካገኘሁበት ሱቁን እርሺው» አሉ። ማብሪያው ላላ ብሎ በትንሹ ሲነካ በራሱ እንደሚነሳ ግን አልነገሩኝም። ኋላ ስጠይቃቸው «ይህ ደግሞ ይነገራል እንዴ» ብለዋል።

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለኝና መቀመጫ ስር ወሸቀው። ከእጄ አይወጣም ልል ፈልጌ ነበር። ካርቶኑ ያለበት መቀመጫ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተቀመጡ፤ ሚኒባሱም ሞልቶ ተነሳ።

ሀረጎ ጋ ስንደርስ መንገዱ አነጠረንና ከመቀመጫው ስር ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ስልኩን አየ። ቀጥሎ አጠገቤ ያሉት እናት እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። አንድ ሰው «ከካርቶኑ ነው» አለ። ረዳቱ «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሁለተኛ ሲጠይቅ እንደ ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብዬ ባለቤቱን ፈለግኩ። ሦስተኛ ሲጠይቅ ደግሞ እስካሁን ዝም ብዬ አሁን ብናገር ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እኛ አገር ፈንጂ የምንፈራበት ጊዜ ካለፈ ብዙም ስላልቆየ፣ በራሱ የሚናገር ካርቶን አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚጨዋወት ሰው የለም። ሾፌሩ ዳር ያዘ። አንዱ «ያ ጀመዓ፣ ውረዱ» አለና ሰው በበሩም በመስኮቱም ወረደ። እኔም ከሰው ጋር ሮጥኩ። ከራሴ ባቡር ሸሸሁ።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ፍተሻ ነበር። ከዚያ አንድ ፈታሽ እየሮጠ መጣና የማን እንደሆነ ጠየቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ትምህርት ያን ጊዜ ጠቀመኝ፤ እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

«ባቡር ነው።»

«ምን?»

«ባቡር። ከነፉርጎው።»

ረዳቱ ከኋላ «እኛ ስንት ዓመት የጠበቅነውን እሷ ካርቶን ውስጥ ደብቃዋለች» አለ። ፈታሹ አልሳቀም። ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቀኝ ወደ ኮምቦልቻ አልኩት። ምን ሊሠራ ሲለኝ ሊያስተምር አልኩት። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ፊቱ እየተኮሳተረ ሄደ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ አንዱም አልታመነልኝም።

በመጨረሻ ራሴ እንዳወጣው፣ ራሴው እንድከፍተው አዘዘኝና እሱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ሆነ። የቀረው ሰው ከመንገዱ እጥፋት ወዲያ ሄዶ አንገቱን አስግጎ ያያል። ባለ ነጠላዋ እናት «አብሽሪ ልጄ፣ እኛ አለንልሽ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ከሁሉም ርቀው ቆመው ነው።

ካርቶኑን አስፋልቱ ላይ ከፈትኩት። ባቡሩ በስፖንጁ መሀል ጎማውን እያሽከረከረ ነው። ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ፈታሹ ከድንጋዩ ኋላ ሆኖ «ባቡር ከሆነ ይሂድ» አለ። እኔም ታዛዥ ነኝ። ጋሽ ሰይድ እንዳሳዩኝ ሦስቱን ፉርጎዎች በመንጠቋቸው ቀጥዬ አስቀመጥኩትና ለቀቅኩት። የሱቃችን ወለል ሜዳ፣ ሀረጎ ደግሞ ቁልቁለት መሆኑ ትዝ አላለኝም።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ሄደ። የፊት መብራቱ በርቷል፣ ፉርጎዎቹ በሰልፍ ይከተሉታል። ሰው ከየተደበቀበት እየወጣ አየው። አንድ ሽማግሌ «እውነትም ባቡር ነው» አሉ። ከዚያ ቁልቁለቱ ወሰደው።

መጀመሪያ የሮጠው ረዳቱ ነው፤ የሚሄድ መኪና ተከትሎ መሮጥ ሥራው ነው። ፈታሹ «ቁም! ቁም!» እያለ ተከተለው። ባቡሩ አልቆመም። ከዚያ ሾፌሩ፣ ከዚያ ተሳፋሪው ሁሉ ሮጠ። ቅድም ከባቡሩ ሲሸሽ የነበረው ሰው በሙሉ አሁን ባቡሩን ሊይዝ ይሮጣል። በአንድ በኩል ገደል ነው። እኔ የሚታየኝ ገደሉ ሳይሆን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከሳቸው ኋላ ደግሞ እናቴ። «ያዙልኝ! ባቡሬን ያዙልኝ!» የሚል የሴት ጩኸት ተራራውን ሞላው። ማን ናት ይቺ ባለጌ ብዬ ነበር። እኔ ነበርኩ።

ወዲያው ከታች ተሳቢውን አስከትሎ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጣ ብቅ አለ። ሾፌሩ ወደሱ ባቡር ሲመጣ፣ ከባቡሩ ኋላ መሣሪያ የያዘ ፈታሽ፣ ከፈታሹ ኋላ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሲሮጥ አየና ፍሬን ያዘ። በዚያ መንገድ የጭነት መኪና ለሌላ ተሽከርካሪ ቅድሚያ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ረዳቱም ደርሶ ጫማውን ከፊቱ ደቀነበት። ባቡሩ ጫማውን ገጭቶ ከቦዩ አፋፍ ላይ ተገለበጠ፤ ፉርጎዎቹም አብረውት ተገለበጡ። አንዱም አልተላቀቀም።

ስደርስ ባቡሩ በጀርባው ተኝቶ ዝዝዝ ይላል። ፈታሹ ተንበርክኮ ማብሪያውን ፈልጎ አጠፋውና አቧራውን እፍ አለለት። ከዚያ ደንብ ነውና ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ባዶ መሆናቸውን አረጋግጦ እንዲያልፉ ፈቀደላቸው።

እኔ ግን ያየሁት ጭረቱን ነው። ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ሾፌሩ በር ድረስ ቢጫው ተልጦ ብረቱ ይታያል።

የቀረውን መንገድ ፉርጎዎቹ ካርቶን ውስጥ አልገቡም። የነዳጁን ባለ ነጠላዋ እናት፣ የሲሚንቶውን አንድ ወታደር የመሰለ ሰው፣ ኮንቴይነሩን ሽማግሌው ጭናቸው ላይ ታቅፈው ወረዱ። ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ባቡሩ፣ መቼ ይመጣል ስለሚለው ነገር አወሩ፤ ሁሉም ከሚያውቀው ሰው የሰማው አንድ አንድ ቀን አለው። እኔ ባቡሩን ይዤ ለጋሽ ሰይድ የምለውን አስባለሁ። ሥራ ቀርቷል ብዬ ቆረጥኩ።

አቶ ተፈራ በማሠልጠኛው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። መሬት መሬቱን እያየሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ምንም አልደበቅኩም፤ እንዴት መደበቅ እንደሚቻል የሚያውቀው ወሬኛ ሰው ነው። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጭረቱን ደጋግመው ዳሰሱት።

«ፉርጎዎቹን እየጎተተ ነው የወረደው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«በራሱ?»

«በራሱ።»

ስልካቸውን አውጥተው ጋሽ ሰይድ ጋ ደወሉ። እኔ የመባረሬን ወሬ ልሰማ ቆምኩ። ጋሽ ሰይድ በስልኩ ውስጥ ሲጮሁ ይሰማኛል፤ አቶ ተፈራ አስጨርሰው እንዲህ አሏቸው፦ «ጭረቱን ማንም እንዳይነካብኝ። የሚጫረው የሠራ ነገር ነው። ሐዲዳችንን ሂደው ይዩት፣ አንድ ጭረት የለውም። ልጅቱንም እንዳይነኳት፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ባቡር የነዳ ሰው ከእሷ በቀር አላውቅም።»

ስለዚህ አልተባረርኩም። ጋሽ ሰይድ ወሬ አልወድም እያሉ ይህን ታሪክ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያወራሉ። በሳቸው አነጋገር ባቡሩ ያን ያህል የሮጠው ዲናሞው ጎበዝ ስለሆነ ነው፤ ቁልቁለቱ አይነሳም። ሰሞኑን ደግሞ እሳቸውም አብረው የሮጡ እያስመሰሉ መጥተዋል። ጉልበታቸውን ረስተውታል።

እኔ መጀመሪያ ሰሞን በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን በሻርፕ እሸፍን ነበር። አሁን ሳስበው ግን አላፍርም። ተናገሪ ሲሉኝ ያልወጣ ድምፅ ባቡር ሲያመልጠኝ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ያህል ሰው የሮጠልኝም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የዚያው ሚኒባስ ረዳት ገጠመኝ። ያወቀኝ አልመሰለኝም። የምወርድበት ቦታ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» አልኩ። ልክ ስለማላውቅ ጮህ አልኩ መሰል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አወረደኝና ሚኒባሱ ሲነሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንዲህ አለኝ፦

«ምነው እህቴ፣ ዛሬም ባቡሩ አመለጠሽ?»