ውሻና ልጅ በአንድ ሣር ላይ

እሑድ ዕለት እዚህ ኬንያ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው መናፈሻ የእህቴን ሕፃን ልጅ ሣር ላይ ለቅቄ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ ይዘውት የመጡት ውሻ አጠገቧ መጥቶ ተጸዳዳላችሁ! ከውሻ ዓይነ ምድር የሚወጣ የትል እንቁላል አፈር ውስጥ እንደሚቆይ፣ ከዚያም በልጆች እጅ አድርጎ አፋቸው እንደሚገባ አንብቤያለሁና ዝም አላልኩም።

«ምዜ፣ አባቴ፣ ያንሱት እንጂ! ልጅቷ ሆዷ ትል ይሙላ?» አልኳቸው በዚያ ስብርባሪ ስዋሂሊዬ።

ሽማግሌው ሳያንገራግሩ ፌስታል አውጥተው አነሡት። በድሌ ተኮፍሼ ሌላ ልጨምር ስል፣

«ልክ ነሽ፣ ማማ» አሉኝ። «ውሻዬ ግን በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይወስዳል። አንቺስ መቼ ወሰድሽ?»

እኔ ደግሞ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጥሬ ሥጋዬን በልቼ መምጣቴ ነው፤ ስቴኪኒው ገና ከአፌ አልወጣም።