ደሳለ የማለባት ድንጋይ

የብልባላው ደሳለ ገበሬ ነው፤ ልቡ ግን ያለው ገደል ለገደል ነው። «ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ወጣ» ሲባል ጋሸና ገበያ ላይ ከሰማ ወዲህ፣ ክረምት አልፎ ጎርፉ ሸለቆውን ባጠበ ቁጥር ድንጋይ ይለቅማል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ኦፓል አላገኘም። ቤቱ ግን ከጓዳ እስከ መደብ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። ሚስቱ ወለተ ሐና ስንቱን ችላ ትኑር? ባለፈው ጥቅምት አንዱ ድንጋይ ከቆጥ ወድቆ የጠላ ጋኗን ሰበረባት። ያኔ ምርር አላት።

«በል ከድንጋይህ ጋር ኑር፤ እኔ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ!»

ደሳለ ደነገጠ። በእጁ እንቁላል የምታህል፣ ነጣ ያለች ድንጋይ ይዞ ነበር። «ይችን ብቻ ለትምህርት ቤቱ መምህርት ላሳይ። ኦፓል ካልሆነች፣ ማርያምን፣ ሁለተኛ ድንጋይ እዚህ ቤት አላስገባም!» ብሎ ማለ።

ወለተ ሐና ተቀብላ አገላበጠቻት። «አይ ያንተ ነገር! ይኼማ የጅብ አር ነው።»

«ድንጋይ እኮ ነው!»

«ድንጋይ ሆኖ ነዋ። ነጭ፣ ጫፉ ቁንጥጥ ያለ፣ አጥንት ያለበት። አርባ ዓመት ኩበት ስለቅም እየለየሁ የምተወውን አጣዋለሁ?»

በማግስቱ ደሳለ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህርት ንጋት ስለ ድንጋይ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። በማጉያ መነጽር አየቻትና በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ደሳለ የሚስቱ ቃል ትዝ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ። ድንጋይዋ ምላሷ ላይ ልጥፍ አለች።

«ኦፓል አይደለችም፣ ጋሽ ደሳለ።»

ደሳለን የቆጨው ኦፓሉ አልነበረም፤ ያን ገደል፣ ያን ለብቻው የሚውልበትን ደስታ በገዛ አፉ ማጣቱ ነው።

«ግን የአጥንት ስብርባሪ አለባት፤ ምላስም ትይዛለች። ምናልባት ድሮ ተቀብሮ ድንጋይ የሆነ የአውሬ... የአውሬ...»

«አር» አለ ደሳለ እያፈረ።

ንጋት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ማን ነገረዎት? ከሆነ ትልቅ ግኝት ነው። እርግጡን የሚያውቁት አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ፎቶዋን እልክላቸዋለሁ። በማን ስም ልጻፍ?»

ደሳለ የራሱን ስም ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ያወቀቻት ግን ወለተ ሐና ናት። እሷን ጻፊ።»

መሐላ መሐላ ነውና፣ ቤቱ ሲደርስ ድንጋይዋን አጥሩ ሥር አስቀምጦ ባዶ እጁን ገባ። ለወለተ ሐና ሁሉንም አጫወታት። ስሟ መጻፉን ሁለቴ አስደገመችው። ከዚያ የኩበት ቅርጫቷን አንስታ ወጣች፤ ስትመለስ ድንጋይዋን ከቅርጫቱ አውጥታ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

«ኧረ ምያለሁ!» አለ ደሳለ።

«የማልከው አንተ ነህ፤ እኔ መች ማልኩ? አንተ እየለቀምክ ከደጅ አድርስልኝ፤ የማስገባው እኔ ነኝ።»