ሳያዩ መፈረም

ሲስተር ሰዓደት መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች። ከዚያ ባንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ የግድግዳውን ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ደግሞ ውስጠኛውን ትንሽ ሣጥን ትከፍታለች። ቡናማውን የሞርፊን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳለች። የፈሳሹ ከፍታ ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ከተሰመረው መስመር ጋር ልክ ነው? ልክ ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አምስት ሚሊ ትቀዳለች፣ አረፋውን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ታስወጣለች፣ አዲስ መስመር ታሰምራለች፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን፣ የተቀዳውንና የቀረውን ጽፋ ትፈርማለች።

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። አንዲት ጠብታ ጎድላባት አታውቅም።

መድኃኒቱ የጋሼ ማሙሸት ነው። አርባ ዓመት ሶማሌ ተራ የመኪና ሞተርና ካምቢዮ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ካንሰሩ አጥንታቸው ገብቷል። ያን ዓርብ ጠዋት መድኃኒቱን ስታጠጣቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ሲስተር፣ ይሄ የራጉኤል ጠበል ነው እንዴ?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ጠበል ከሆነማ ንገሪኝ፣ ተጠምቄበት ልገላገል። ድሮ ሐሞት ነበር የምታጠጪኝ። ሳምንት ሆነው፤ ምሬቱም የለ፣ ማስታገሱም የለ።»

«ለምደውት ነው» አለች እየሳቀች። ረቡዕም እንዲሁ ብላቸው ነበር።

«ካምቢዮ ለምጄ አውቃለሁ። ይሄን አልለመድኩም» አሉ የአልጋውን ብረት ጨብጠው።

ሳቋ ጠፋ። ተመልሳ ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ አደረገች። ውኃ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው መድኃኒቱን ቀድቶ፣ የጎደለውን በውኃ ሞልቶ፣ እስከ መስመሩ አድርሶ ቆልፎታል።

ደንቡ የወጣው ይህን ለመከላከል ነበር፦ አንዱ ሲቀዳ ሌላው ቆሞ አይቶ ይፈርማል። የመጦሪያው ሦስት ነርሶች አሠራር ግን ሌላ ነው። ሰዓደትን ሥራ ያስተማሯት ሲስተር ሸዋገነት ተረኛ ሲሆኑ መዝገቡን ብቻ ይዘውላት ይመጣሉ። «እንቺ የኔ ልጅ፣ ጫር አድርጊልኝ።» እናት የምታህል ሰው «ጠርሙሱን ያሳዩኝ» ትባላለች? ሰዓደት ሳታይ ፊርማዋን ጫር ታደርጋለች። ከሁለቱም የሚያንሰው ዘከሪያ ደግሞ ለሰዓደት እንዲሁ ያደርጋል።

ሰዓደት ሄዳ ስትነግራቸው፣ የመጦሪያው ኃላፊ አቶ ምንይሉ መዝገቡን አገላበጡ።

«ማነው የቀዳው?»

«አላውቅም።»

«አይቻለሁ ብለሽ ፈርመሻል እኮ!»

«አላየሁም።»

«እና ከሦስታችሁ ማንን ልጠርጥር?»

የሦስቱንም ቁልፍ ሰበሰቡ። አዲስ ጠርሙስ ለማውጣት የሐኪም ልዩ ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ስልክ ተደወለ፣ ሐኪሙ የሚገኘው ሰኞ ነው ተባለ።

ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሰዓደት ፓራሲታሞል ሰጠች፣ ትራስ አስተካከለች፣ ላብ ጠረገች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ኮሪደር ላይ ሲስተር ሸዋገነት አቀርቅረው አለፏት። አፍረው ይሁን ተቀይመው አልገባትም፤ ልትጠይቃቸው አፏን ከፍታ «እንዴት ዋሉ?» ብቻ አለች።

«ሲስተር፣ ጠበሉም ቀረ?» አሉ ጋሼ ማሙሸት እሑድ ከሰዓት፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ፎጣ ነክራ ግንባራቸው ላይ አደረገችላቸው።

ሌባው እስካሁን አልታወቀም። ሰዓደት ለሚመጣ ጠያቂ ሁሉ የምትለውን፣ ይህን ታሪክ ለሚያነብም ትላለች፦ «እንዲህ ያለ ቤት የተኛ ሰው ካላችሁ፣ ‹መድኃኒቱ አላስታገሰኝም› ሲላችሁ እመኑት። በዚያው ቀን ጠይቁልን። እኛ እርስ በርስ መጠየቅ እንተፋፈራለን።»