ለገዢ የተሠራ መታጠቢያ ቤት

አጎቴ የባንክ ቤት ገማች ነበር። ባንኩ ቤት በመያዣ ይዞ ከማበደሩ በፊት እሱን ይልካል፤ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል፣ «ቢሸጥ ይህን ያወጣል» ብሎ ይፈርማል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ዓይኑ ከሥራው አልወጣም። የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን እንኳ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የኮርኒሱን ስንጥቅ ሲያጤን ደርሼበታለሁ።

ዕድሳትን የሚመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያወጣኸውን ገዢ ይመልስልሃል ወይስ አይመልስልህም? ማዕድ ቤት ይመልሳል። መታጠቢያ ቤት ከነገንዳው ይመልሳል። ባለቤቱን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ነገር ግን ለእሱ ገንዘብ መቅበር ነው። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ እሱና ሚስቱ፣ አክስቴ፣ ከሚኖሩበት ቤት ሌላ ጥሪት ስላልነበራቸው ይፈራ ነበር።

አክስቴ ዳሌዋን ታማ እግሯን ማንሳት ሲያቅታት፣ «ወለሉ ደልዳላ ይሁንልኝና ቆሜ ልታጠብ» አለችው። አጎቴ እሺ ብሎ መታጠቢያ ቤቱን አስፈረሰ። ሥራው ሲያልቅ ግን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ከጉልበቷ የሚያልፍ ገንዳ ተጎልቶበት ነበር።

«ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዳ ነው» አላት።

«እንግዲያ፣ ሰውዬ፣ ገዢው ይምጣና ጀርባዬን ይሽልኝ!» ብላ ሳቀች። እኛም አብረን ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ገንዳው አጠገብ ሳፋ አስቀምጣ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትታጠብ ጀመር። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማናችንም አላነሳነውም። አንድ ጠዋት የበርጩማው እግር ተሰብሮ ስላገኘችው ገንዳው ውስጥ ልትገባ ሞከረች። ወደቀች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ልጃቸው ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። «አባዬ፣ የሠራኸው ሱቅ ነው። ቤት ስትሠራ እናቴን እመልስልሃለሁ» አለችው።

በማግስቱ ግንበኛ ጠርቶ ገንዳውን አስነቀለ። ልጠይቀው ስሄድ አቧራ ለብሶ፣ የተስተካከለው ወለል ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ቤቱ ዋጋው ወረደ» አለኝ። አቧራውን ከልብሱ እያራገፈ፣ «ትመጣ ይሆን?»

አክስቴ በልጇ ክንድ ተደግፋ ልታየው መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የምይዘው ነገር የለም» አለች።

እውነትም ግድግዳው ልሙጥ ነበር። አጎቴ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ግን ግራ ገባው።

«እጅሽ የት ይደርሳል?» አላት።

ስለዚያ ቤት ምንም ነገር ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቀስ ብላ ገባችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። እሱ ጎንበስ ብሎ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

«መያዣው እንደተገጠመ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«መጀመሪያ ይጥበቅ» አለችው። «ከዚያ እናያለን።»

ወደ ልጇ ዞራ ክንዷን ያዘች። «ነይ፣ የእኔ እናት፣ እንሂድ።»