የአየር ውሃ ፍለጋ ወደ አራዳ

ከአምቦ የተነሳነው መስከረም እንደጠባ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ ነው። ምክንያቱ እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ አክስቴ ወይዘሮ የሺ ናቸው። ደም ብዛት ይዟቸው ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል። አራዳ ያለ ፈረንጅ ሐኪም ከባሕር ማዶ በመጣ የአየር ውሃ እየነከረ የጠበበ የደም ሥር ይከፍታል ሲባል ሰሙና «ሳልሞት ውሰደኝ» አሉኝ።

ግንጪ

እዚህ ነስር ያዛቸው፤ ነጠላቸው በደም ራሰ። እንመለስ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። አዋሽ ሞልቶ ስለነበር እስኪጎድል ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን።

አራዳ

የሐኪሙ ቤት ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ሁለት ጠገራ ብር አስቀድሞ ተቀበለንና በአስተርጓሚ አስረዳን፦ «በውሃው ውስጥ ያለው አየር በቆዳ ይገባል፤ የደም ሥሩን ያላላል፤ ደሙ ሳይጨናነቅ ይሄዳል። ቆዳቸው ሲቀላ ያያሉ።»

አክስቴ ከነቀሚሳቸው ቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ተቀመጡ። ውሃው እንደ ጋን ውሃ ጸጥ ብሏል። ቆዳቸው ሳይቀላ በብርድ ተንቀጠቀጡ።

በቅሎዎቹን ለማየት ወደ ጓሮ ብወጣ የሰፈራችን ነጋዴ ቶሎሳ ትልልቅ ጠርሙስ ያራግፋል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከእኛው ከአምቦ ምንጭ ነዋ። ለፈረንጁ ሐኪም፣ ለሙሴው የምጭንለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እንደ ምንጩ አይፈላም?»

«ውሃው ቡሹን እያፈናጠረ ሲያስቸግረኝ፣ ላላ አድርጌ ነው የማመጣው።»

እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ገብቼ አስተርጓሚውን «ለሙሴው ንገርልኝ፤ አየሩ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ውሃውም የደጃችን ነው» አልኩት። ሳይተረጉም «ጌታዬ፣ እዚህ የመጣ ሁሉ ተሽሎት ነው የሚሄደው» አለኝ።

አክስቴ ከገንዳው ሆነው ሰምተዋል። «ነስር በነስር ሆኜ አዋሽን የተሻገርኩት ከብት የምናጠጣበትን ውሃ ፍለጋ ነው?» አሉ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ በማግስቱም እንድንመጣ አዘዘ።

አምቦ

ቤት ሳንገባ አክስቴን ምንጩ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አረፋው ክንዳቸው ላይ እንደ ጤፍ ተለጠፈ፤ ቆዳቸውም ቀላ። ዳኑ ብዬ አልምልም፤ ራሳቸው ግን ቀለል ብሏቸዋል። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ሐኪሙ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። እውነቱን ነግሮ ባዶውን ሸጠልን።

በማግስቱ ጎረቤታችን ደገፋ አሮጊት እናቱን በበቅሎ ጭኖ ወደ አራዳ ሲነሳ አገኘሁት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«የደጃችን ውሃ መድኃኒት ቢሆንማ እናቴ እስካሁን ትድን አልነበር?» አለና በቅሎዋን ሳበ።

በምንጩ አጠገብ ሲያልፉ ውሃው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።