በነጭ ክር የጻፍኩት

የስፌት መኪና ዘይትና የባዘቶ ብናኝ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ዛሬም ያደግኩበት ቤት ይመጣብኛል። አሰላ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን እናቴ የፊተኛውን ክፍል ለሥራዋ አድርጋ፣ በእግር የሚረገጠውን መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ በሁለት አቡጀዲ መሀል ባዘቶ እያነጠፈች ብርድ ልብስ ትሰፋ ነበር። ጭላሎ ራሱን በደመና ሲከናነብ አገሩ ሁሉ ይንዘፈዘፋልና፣ ከሳጉሬም ከአርቦዬም ድረስ እየመጡ ያሰፏት ነበር።

ሁለት ዓይነት አሰፋፍ ታውቅ ነበር። አንደኛው ቀጥ ያለው ነው። መርፌው ሥር ጨርቁን የሚጫነው ተራው የመኪና እግር ሲገጠም የሚያስኬደው ከሥር ያለው ጥርስ ብቻ ስለሆነ፣ ባዘቶ ሲገባበት የላይኛው አቡጀዲ እየተንሸራተተ ይጨማደድባታል፤ ስለዚህ አባቴ አዲስ አበባ ከአንድ ድንኳን ሰፊ የገዛላትን፣ የራሱ ጥርስ ያለውን፣ ጨርቁን ከላይ ይዞ ከታችኛው ጋር እኩል የሚራመድ እግር ትገጥምና ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር በመስመር ትሰፋለች። «ተራማጁን አቀብዪኝ» ስትለኝ፣ አስተማሪ የነበረው አባቴ ከሚያርመው ደብተር ቀና ብሎ «እዚህ ቤት ተራማጅ እሱ ብቻ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። ሁለተኛው ነጻው ስፌት ነው። የመኪናውን ጥርስ ዝቅ አድርጋ፣ ቀለበት የመሰለች ትንሽ እግር ገጥማ፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ወደፈለገችው እያዞረች እንደ በግ ፀጉር የተጠቀለለ ስፌት ትሞላበታለች። እጅ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፣ እግር ከፈጠነ ክሩ ይቋጠራል። ክርም ጊዜም ስለሚበላ ለሠርግ ካልሆነ አትነካውም ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በዋለበት ቀን፣ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገብተው አባቴን ከጠረጴዛው አስነስተው ወሰዱት። እናቴ አልጮኸችም። እኔም የእሷን ፊት አይቼ አልጮህኩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ። ይህን መጻፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዘን እስር ቤቱ በር ላይ እንሰለፍ ጀመር። ባዶ ሳህን ከተመለሰልን አባዬ አለ ማለት ነው። አንዳንዷን ሴት ግን ጠባቂው «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» ይልና ልብስ ጠቅልሎ ያስታቅፋታል፤ ያን ጊዜ ሰልፉ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ከፊታችን ያሉትን ሴቶች እየቆጠርኩ፣ አንዷ ሳህን ተቀብላ ባለፈች ቁጥር ትንሽ ተንፍሼ፣ ተራችን ሲቃረብ የእናቴን ነጠላ ጫፍ በጥርሴ እይዝ ነበር።

በጥቅምት ውርጩ ገብሱ ላይ ሲወርድ፣ እስረኞቹ ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኙ ተሰማ። እናቴ ቶሎ ይድረስለት ብላ በተራማጁ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ መስመር ብርድ ልብስ ሰፍታ ወሰደችለት። ጠባቂው ወረቀት ተደብቆ እንደሆን ብሎ መስመሮቹን በምላጭ እየበጠሰ እጁን እስከ ክርኑ ከተተበት። ቀጥ ያለ ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ እየተተረተረ ይሄዳል። ኅዳር ላይ የተፈታ ጎረቤታችን ባዘቶው ሁሉ ተንሸራቶ ግርጌው ላይ እንደተከመረ፣ አባዬም ባዶ አቡጀዲ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያድር ነገረን።

እናቴ ወዲያው የሠርጉን ስፌት ጀመረች። ጥቅልሉን ጣት እንኳ እንዳይገባበት አድርጋ አጠጋጋችው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፣ ወረቀት ይደበቅበታል ብሎ የሚጠረጥርም አይኖርም። በሦስተኛው ቀን እጇ ሲዝል «ሚጡ፣ ይቺን ጥግ አንቺ ሙያት፤ እንዳሳየሁሽ ዝም ብለሽ አዙሪ» አለችኝና ውሃ ልትቀዳ ወጣች። መጀመሪያ እንዳለችኝ አዞርኩ። መርፌው ባለበት ቆሞ ጨርቁ ሲሄድ፣ እርሳሱን አቁሞ ወረቀቱን እንደማንቀሳቀስ ነው፤ እጄ ሳይታወቀኝ በነጩ አቡጀዲ ላይ በነጭ ክር «አባዬ ና» ብሎ ጻፈ። ክው አልኩ። ልተረትረው ስል የእናቴ ኮቴ ተሰማኝና በላዩ ላይ ሁለት ሦስት ጥቅልል አዙሬበት ተነሳሁ። ፊደሎቹ ግን ልብ ብሎ ላየ ይታዩ ነበር።

ቅዳሜ ጠባቂው ብርድ ልብሱን ዘርግቶ አገላበጠው። በምላጩ አልነካውም። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ጽሑፍ ነው?» አለ የእናቴን ጥቅልል በጣቱ እየተከተለ።

«ስፌት ነው ወንድሜ» አለች እናቴ። «የሠርግ ስፌት ነው። ባዘቶው እንዳይሸሽ ብዬ ነው።»

«ሰው ታስሮ የምን ሠርግ ነው?»

«ስለሚበርደው ነው ወንድሜ፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

ጣቱ እየዞረ እየዞረ ወደ እኔ ጥግ መጣ፣ እዚያም ቆመ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ብርድ ልብሱን አጠፈና ይዞት ገባ፤ ማንበቡን፣ ለማን እንደሰጠው፣ ማን እንዳየው አላወቅኩም።

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልኝ አለ። ልናገር አፌን ስከፍት የእናቴ ፊት ይታየኝና እዘጋዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ሳህን ተመለሰልን፣ በሚቀጥለውም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያው ጠባቂ ዓይናችንን ሳያይ «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አለና ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ ሰጠን። ብርድ ልብሱ አልነበረበትም። እናቴ መንገዱ ላይ ቁጭ ስትል እኔ አጠገቧ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ አዳማ ውስጥ የራሴ ስፌት ቤት አለኝ፤ መኪናዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ የሚራመደውም እግር እንደልብ ይገኛል። ነጻውን ስፌት ግን አልሰፋም። ደንበኞቼ ሲለምኑኝ አልችልም እላቸዋለሁ፣ እነሱም ያምኑኛል። አምና እናቴ አሟት አጠገቧ ስቀመጥ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አቅቶኝ ስለዚያ ጥግ ነገርኳት።

«አይቼዋለሁ» አለች። «ሳጥፈው አየሁት። ልተረትረው መቀስ አንስቼ ነበር፤ እሱ እንዲያየው ፈለግሁና ተውኩት። እኔ ነኝ ያስገደልኩት እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ…»

ያን ጊዜ በአንድ አልጋ ጀርባ ተሰጣጥተን እየተኛን፣ እኔ ከእሷ እሷም ከእኔ ስንደብቅ ያ ሁሉ ዓመት አለፈ። አሁን በራችንን በክፉ የሚያንኳኳ የለም፣ ስፌታችንን በምላጭ የሚበጥስም የለም። እጇን ይዤ ሳለቅስ ግን፣ ይህን ጸጸት እሷ ቁጭ ካለችበት ከዚያ መንገድ ጀምሮ አብረን ብንሸከመው ኖሮ እያልኩ ነበር።